ቪፒኤኑ ገብቷል፣ ፎልደሩ ግን አልከፈት ብሏል

ሀዋሳ ተቀምጦ፣ ሄድ ኦፊሱ አዲስ አበባ በሆነ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነገሩን ሳላብራራለት ያውቀዋል። ጠዋት ላፕቶፑን ይከፍታል። ቪፒኤኑን ያበራል። “ኮኔክትድ” ይለዋል። ከዚያ አዲስ አበባ ያለውን የጋራ ፎልደር ሊከፍት ሲል ያቺ ሰማያዊ ክብ መዞር ትጀምራለች፤ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ በመጨረሻ ዊንዶውስ “ላገኘው አልቻልኩም” የሚል ሳጥን ፊቱ ላይ ይደቅናል። “ዛሬም ሲስተም የለም” ይባልና ሻይ ሊጠጣ ይወጣል።

ሲስተሙ ግን ብዙ ጊዜ አለ። ቪፒኤን መግባቱና ፎልደር መከፈቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቪፒኤን የሚሠራው በእናንተ ላፕቶፕና በሄድ ኦፊሱ ራውተር መካከል ሌላ ሰው የማያነበው መስመር መዘርጋት ነው። በቃ፣ ሥራው እዚያ ያልቃል። ፋይሉ ያለበት ኮምፒውተር ይብራ አይብራ፣ አድራሻው ይቀየር አይቀየር፣ ፋየርዎሉ ያሳልፋችሁ ይመልሳችሁ፣ ፓስወርዳችሁ ልክ ይሁን አይሁን ቪፒኤኑ አያውቅም፤ አያገባውምም። ስለዚህ “አልከፈት አለ” የሚባል አንድ ብልሽት የለም። መንገድ ላይ በርከት ያሉ ቦታዎች ላይ ሊቆም የሚችል ነገር ነው። ደግነቱ፣ የትም ቢቆም ምልክት ትቶ ነው የሚቆመው። ምልክቱን ሳያነቡ ራውተር ነቅሎ መሰካት፣ ቪፒኤኑን አጥፍቶ ማብራት፣ አልፎም ላፕቶፑን ፎርማት ማድረግ (አዎ፣ ለዚህ ብለው ፎርማት የሚያደርጉ አሉ) ጊዜ ከማባከን በቀር እምብዛም አይረባም።

መጀመሪያ ስለየትኛው ቪፒኤን እንደምናወራ እንግባባ። በ2015 የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲገደቡ ብዙ ሰው ነጻ ቪፒኤን ጭኗል። ያ ቪፒኤን ሌላ ነው። የእናንተን ኢንተርኔት በሙሉ ሰብስቦ ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ይወስደዋል። የቢሮው ደግሞ አዲስ አበባ ወዳለው የቢሮ ኔትወርክ ብቻ ነው የሚያስገባችሁ። ሁለቱ ላፕቶፑ ላይ አንድ ላይ ከበሩ “መንገዱ የኔ ነው” ብለው ይጣላሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው የቢሮው ነው። ስለዚህ ነጻውን አጥፉት። ብሮውዘር ላይ እንደ ተቀጽላ የተጫነው ዓይነት ከሆነ ግን ብሮውዘሩን ብቻ ነው የሚነካው፣ ፎልደሩ ላይ ችግር አይፈጥርም።

ቀጥሎ አንድ ስልክ ደውሉ። አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ ላለ ሰው “እናንተ ጋ ፎልደሩ ይከፍታል?” ብሎ መጠየቅ ግማሽ ቀን ያተርፋል። እነሱም ጋ ካልከፈተ የእናንተ ቪፒኤን ንጹሕ ነው።

በኛ አገር ደግሞ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መብራት ነው። እስቲ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንየው። ትንሽ ድርጅት ውስጥ “ሰርቨር” የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ፋይናንስ ክፍል ጠረጴዛ ሥር ያለ ተራ ዴስክቶፕ ነው። ማታ መብራት ይሄዳል። ዩፒኤሱ ትንሽ ይጮሃል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ሌሊት መብራት ይመጣል። ራውተሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሣል፣ ቪፒኤኑ የሚኖረው ደግሞ ራውተሩ ላይ ነው። ዴስክቶፑ ግን አንድ ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫነው ድረስ እንደተኛ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሀዋሳ ሆናችሁ ስትሞክሩ ቪፒኤኑ ፏ ብሎ ይገባል፣ ፎልደሩ የለም። ፋይናንስ ያለችው ልጅ 3 ሰዓት ላይ ስትገባና ኮምፒውተሩን ስታበራ “በራሱ ተስተካከለ” ይባላል። በራሱ አልተስተካከለም። ይሄ አንዴ ተሠርቶ የሚረሳ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው ባዮስ ውስጥ፣ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲበራ የሚያደርግ ምርጫ አብዛኞቹ ዴስክቶፖች አላቸው። እግረ መንገዳችሁን የዊንዶውሱን ስሊፕ “ኔቨር” ላይ አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ብቻ የሚጠፋ ፎልደር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የኮምፒውተሩ መተኛት ነው።

መብራት ሌላም ነገር ያበላሻል። ኮምፒውተሩ አድራሻውን ከራውተሩ በራሱ የሚቀበል ከሆነ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሲነሣ ሌላ ቁጥር ሊደርሰው ይችላል። ትናንት መጨረሻው 10 የነበረው ዛሬ 14 ይሆናል። እናንተ 10ን ታንኳኳላችሁ፣ እዚያ ማንም የለም። ፋይል የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ ሊኖረው ይገባል፣ ወይ ራውተሩ ላይ ለሱ ብቻ ተብሎ መያዝ አለበት።

እሺ፣ ኮምፒውተሩ በርቷል፣ አዲስ አበባ ያሉት እየሠሩበት ነው፣ እናንተ ጋ ብቻ ነው እምቢ ያለው። አሁን ስሙን ተዉትና በቁጥሩ ሞክሩ።

ቢሮ ውስጥ ሆነው የለመዱ ሰዎች ፎልደሩን በኮምፒውተሩ ስም ነው የሚከፍቱት፣ ወይ “ኔትወርክ” የሚለውን ጠቅ አድርገው ከዝርዝሩ ይመርጣሉ። አንድ ኔትወርክ ላይ ያሉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አንዱ የሌላውን ስም የሚያገኙት ለሁሉም በሚደርስ ጥሪ ነው። ያ ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ በቪፒኤን አያልፍም። ስለዚህ በቪፒኤን ገብታችሁ “ኔትወርክ” ላይ ባዶ ዝርዝር ብታዩ አትደንግጡ፣ ያለ ነው። የዊንዶውስን ምልክትና አር የምትለዋን ፊደል አንድ ላይ ተጫኑና በምትመጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ \\10.20.5.10\ሂሳብ። ቁጥሩና ስሙ የእናንተ ቢሮ ያለው ይሁን። ሰረዞቹ ወደ ግራ ያጋደሉት ናቸው፣ ከፊት ሁለት። የኢንተርኔት አድራሻ ላይ የለመድነውን ሰረዝ የሚጽፍና ብሮውዘር ሲከፈትበት የሚናደድ ሰው አይጠፋም።

በቁጥር ከከፈተ ችግሩ የስም ነው። ቪፒኤኑ ስትገቡ የቢሮውን ዲኤንኤስ፣ ማለትም ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመውን፣ አልሰጣችሁም ማለት ነው። ይሄን የሚያስተካክለው ራውተሩን የሚያስተዳድረው ሰው ነው። እስከዚያው በቁጥሩ ሥሩ፣ ማንም አይሞትም።

በቁጥሩም ካልከፈተ ወደ ዋናው ጣጣ እንመጣለን፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቅ ዳር ካፌ ቁጭ ብላችሁ በካፌው ዋይፋይ ይከፍታል። ታቦር ሥር ካለው ቤታችሁ ሲሆን አይከፍትም። ቪፒኤኑ ሁለቱም ቦታ ይገባል። ሰው ይሄን ሲያይ “የቤቴ ኢንተርኔት ደካማ ሆኖ ነው” ይላል፣ ፓኬጅ ያሳድጋል፣ ብሩን ይከፍላል፣ አሁንም አይከፍትም። ፍጥነት ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። ችግሩ የቤታችሁና የቢሯችሁ አድራሻ አንድ መሆኑ ነው።

በ192.168፣ በ10 እና ከ172.16 እስከ 172.31 የሚጀምሩ አድራሻዎች ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለግል ኔትወርክ ተብለው በመደበኛ ሰነድ የተለዩ ናቸው። ማንም ቤቱ ውስጥ፣ ማንም ቢሮው ውስጥ ያለ ፈቃድ ይጠቀምባቸዋል። ስለዚህ ዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች አንድ ዓይነት ቁጥር አላቸው፣ ለየብቻ እስካሉ ድረስም ችግር የለም። ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙ ጊዜ 192.168.1 ወይም 192.168.0 ተብለው ነው የሚመጡት። ቢሮውን የዘረጋው ሰው አልቀየረውም። የቤታችሁን የተከለውም አልቀየረውም። አሁን ቪፒኤን ሁለቱን አገናኘ።

የላፕቶፑን አስተሳሰብ ተከተሉ። የቤታችሁ ዋይፋይ 192.168.1.23 ሰጥቶታል። እናንተ 192.168.1.10ን ክፈት አላችሁት፣ እሱም አዲስ አበባ ያለው ኮምፒውተር ነው። ላፕቶፑ ግን አዲስ አበባ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያየው ቁጥር ነው። “የኔ 192.168.1፣ የሱም 192.168.1፣ እንግዲህ ይሄ እዚሁ ቤት ያለ ነው” ይላል። ቪፒኤኑ ውስጥ አያስገባውም። እዚያው ሳሎን ውስጥ “10 ቁጥር ማነው?” ብሎ ይፈልጋል። ማንም ካልመለሰ ያቺ ክብ ትዞራለች።

የባሰው ደግሞ አንድ ነገር ሲመልስ ነው። “አለህ?” ብሎ የሚጠይቀውን የፒንግ (ping) ትእዛዝ ሰጥታችሁ “ኧረ ይመልሳል፣ ሰርቨሩ አለ” ትላላችሁ። የሚመልሰው ግን ግድግዳ ላይ ያለው ቴሌቪዥናችሁ ሊሆን ይችላል፣ ራውተሩ 10 ቁጥርን ለሱ ሰጥቶታል። ይሄን የምታውቁበት መንገድ አለ። የመልሱን ጊዜ እዩት። ከሀዋሳ ቤታችሁ ተነሥቶ በቪፒኤን አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ነገር 1 ወይም 2 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሊመለስ አይችልም። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ምንም ሳያቆመው ደርሶ መልሱ ብቻ 3 ሚሊሰከንድ ይጠጋል፤ በዚያ ላይ መሃል ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ የየራሳቸውን ይጨምራሉ። 1 ሚሊሰከንድ ካያችሁ የመለሰላችሁ እዚያው ቤት ያለ ነገር ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዋይፋዩን አጥፉና ላፕቶፑን በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙት። ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ ለምሳሌ አይፎን 172.20.10 ይሰጣል። በሆትስፖት ከከፈተ፣ ነገሩ አለቀ፣ ችግሩ የቁጥር ግጭት ነው። ወይም ጥቁሩን መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕትን) ከፍታችሁ አይፒኮንፊግ (ipconfig) የሚለውን ትእዛዝ ስጡትና የዋይፋዩን አድራሻ የመጀመሪያ ሦስት ቁጥሮች ከሰርቨሩ ጋር አስተያዩ።

መፍትሔው አንዱን መቀየር ነው። የቤታችሁን ራውተር ገጽ ከፍታችሁ 192.168.1.1 የሚለውን 192.168.77.1 ብታደርጉት ለእናንተ ይሠራል። ግን ነገ ሆቴል ስታድሩ ያው ይመለሳል፣ የሥራ ባልደረባችሁ ቤትም ያው ነው። በኔ እምነት መቀየር ያለበት ቢሮው ነው። ማንም ቤት የማይገኝ፣ 10.37.12 ዓይነት ቁጥር ይሰጠው። በእርግጥ ሲቀየር ፕሪንተሩ፣ የጥበቃ ካሜራው፣ የጣት አሻራ ማሽኑ ሁሉ አብረው መቀየር አለባቸው፣ ስለዚህ የእሁድ ሥራ ነው። እስከዚያው “ይቺ አንዲት አድራሻ ብቻ በቪፒኤን በኩል ትሂድ” የሚል መስመር ቪፒኤኑ ላይ መጻፍ ይቻላል። ኮምፒውተር ሁለት መንገድ ሲያገኝ ይበልጥ ለይቶ የሚናገረውን ስለሚመርጥ ይሠራል።

ቁጥሩ ካልተጋጨና አሁንም ካልከፈተ ቀጣዩ ፋየርዎል ነው። እዚህ ላይ ፒንግን ብዙ አትመኑ። ፒንግ ባይመልስ ኮምፒውተሩ የለም ማለት አይደለም፣ ዊንዶውስ ለፒንግ መልስ እንዳይሰጥ ሊደረግ ይችላል። ቢመልስም ፎልደሩ ክፍት ነው ማለት አይደለም። የዊንዶውስ ፋይል ሼሪንግ የሚነጋገረው 445 በሚባል ፖርት (የኮምፒውተሩ አንድ በር በሉት) ነው፣ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ፓወርሼል ውስጥ ቴስት-ኔትኮኔክሽን (Test-NetConnection) የሚባል ትእዛዝ አለ፤ አድራሻውንና ከ-Port ቀጥሎ 445ን ስጡት፣ መጨረሻ ላይ “ትሩ” ወይም “ፎልስ” ይላችኋል። ትሩ ካለ መንገዱ እስከ በሩ ድረስ ክፍት ነው፣ የቀረው የስምና የፓስወርድ ጉዳይ ነው። ፎልስ ካለ መሃል ላይ አንድ ነገር ዘግቷል።

የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ራሱ ፎልደሩ ያለበት ኮምፒውተር ነው። የዊንዶውስን ፋየርዎል እንደ ጊቢ ዘበኛ አስቡት። ፎልደር ሼር ስታደርጉ ዊንዶውስ ለዘበኛው ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ ትእዛዙ ግን “ማንም ይግባ” ሳይሆን “የሰፈሩ ሰው ይግባ” ነው። ዶሜን (የሁሉንም ሠራተኛ ስምና ፓስወርድ በአንድ ሰርቨር የሚያስተዳድር አሠራር) በሌለው ቢሮ፣ ሳይነካ እንዳለ ሲተው፣ የሰፈሩ ሰው ማለት አንድ ዓይነት የኔትወርክ ቁጥር ያለው ነው። በቪፒኤን የገባ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተለየ ቁጥር ነው የሚሰጠው፣ ለምሳሌ 10.8.0.6። ዘበኛው አያውቀውም፣ በሩን አይከፍትም፣ መልስም አይሰጥም። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ያሉት “እኛ ጋ ምንም ችግር የለም” የሚሏችሁ። እውነታቸውን ነው።

ሲስተካከል ደግሞ በልክ ይሁን። ብዙ ቴክኒሺያን ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ “ሠራ” ብሎ ይሄዳል። ሠርቷል፣ ግን ዘበኛው ተባሯል። ትክክለኛው መንገድ የፋየርዎሉ አድቫንስድ ገጽ ላይ፣ ከኢንባውንድ ሩሎች ውስጥ ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ የሚለውን የ445 ሩል ፈልጎ፣ ስኮፕ የሚለው ውስጥ የቪፒኤኑን የቁጥር ክልል መጨመር ነው። እዚያው እያላችሁ ኔትወርኩ “ፕራይቬት” መሆኑን እዩ። ራውተር ሲቀየር ዊንዶውስ “ይሄን ቦታ አላውቀውም” ብሎ “ፐብሊክ” ሊያደርገው ይችላል፣ ያን ጊዜ ሼሪንጉ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ቆጣ ብዬ የምናገረው ነገር አለ። “ቪፒኤኑ ካስቸገረ 445ን ራውተሩ ላይ ለኢንተርኔት ክፈተውና በቀጥታ ይግቡ” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ራውተራችሁን አታስነኩት። ግንቦት 2009 ላይ ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ በር ነው። የእንግሊዝን የመንግሥት ሆስፒታሎች ሳይቀር ሥራ አስፈትቷል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፣ ያልጫነው ነው የተበላው። ቫይረሱ የተጠቀመበት ኤስኤምቢ 1 የሚባለው የድሮ የፋይል ሼሪንግ አሠራር ላይ ያለ ክፍተት ነበር። አዳዲስ ዊንዶውሶች ኤስኤምቢ 1ን ራሳቸው አይጭኑትም። አሮጌ ኮፒ ማሽን ወይም አሮጌ የፋይል ማስቀመጫ “እሱን ካልጫናችሁ አልሠራም” ካለ ማሽኑን መቀየር ይሻላል።

አሁን 445 ትሩ ብሏል፣ ፎልደሩ ግን አሁንም ይቆጣል። እዚህ ስህተቱ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩ ደግሞ ከሳጥኑ ረጅም ጽሑፍ ይልቅ ይጠቅማል። ጥቁሩ መስኮት ላይ ኔት ዩዝ (net use) ብላችሁ ያንኑ የፎልደር አድራሻ ስጡት። 53 ካለ ገና መንገድ ላይ ናችሁ፣ ከላይ ወዳለው ተመለሱ። 67 ካለ ብዙ ጊዜ የፎልደሩ ስም ነው የተሳሳተው፤ “ሂሳብ” ተብሎ ሼር የተደረገውን “ሒሳብ” ብሎ የሚጽፍ አለ፣ ለእኛ ያው ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ፊደል ነው። (የፎልደርን ስም በአማርኛ ማውጣት ይቻላል፣ ብቻ አጻጻፉ ላይ ተስማሙ።) 86 ወይም 1326 ካለ ስም ወይም ፓስወርድ ነው። 5 ካለ ደግሞ አውቋችኋል፣ ግን ፈቃድ የላችሁም።

86ና 1326 ላይ ሰው ብዙ ይለፋል። ትልቁ ስህተት ፒን ነው። ላፕቶፑን በየቀኑ በአራት ወይም በስድስት አኃዝ የሚከፍት ሰው ያንኑ ቁጥር ይጽፋል። ፒን የሚሠራው እዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። የሚፈለገው ሰርቨሩ ላይ የተሠራላችሁ ስምና ፓስወርድ ነው። ስሙም ሙሉ ቢሆን ይመረጣል፣ የሰርቨሩን ስም አስቀድሞ፦ ፋይናንስፒሲ\ሀዋሳ። ያለዚያ ዊንዶውስ የራሱን ላፕቶፕ ስም ለጥፎ ሊልከው ይችላል። ፓስወርድ ከተቀየረ በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ ክሬደንሺያል ማናጀር ውስጥ ገብታችሁ አሮጌውን አጥፉት፣ አለበለዚያ እናንተን ሳይጠይቅ አሮጌውን እየላከ ይቀጥላል።

1219 የሚባል አናዳጅ ቁጥርም አለ። ወደዚያ ሰርቨር በሌላ ስም ቀድማችሁ ገብታችኋል ማለት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ወደ አንድ ሰርቨር በሁለት ስም አያስገባም። ቀድሞ የተከፈተውን ዘግታችሁ እንደገና ሞክሩ፣ ካስቸገረ ሎግ አውት አድርጋችሁ ግቡ። 1272 ካለ ፎልደሩ ያለ ፓስወርድ ለማንም ክፍት የተደረገ ነው፣ አዳዲስ ዊንዶውሶች ግን እንዲህ ያለ ቦታ አልገባም ይላሉ። ልክ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ስምና ፓስወርድ ይሠራለት።

5ን በአጭሩ። ፎልደሩ ላይ ሁለት ቦታ ፈቃድ አለ፣ አንዱ ሼሪንግ ላይ፣ አንዱ ሴኩሪቲ ላይ። በኔትወርክ ለገባ ሰው ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው፣ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። አንዱ ላይ “ፉል” ሰጥታችሁ ሌላው ላይ ረስታችሁት ከሆነ አይከፍትም።

ዶሜን ባላቸው ትልልቅ ቢሮዎች ደግሞ የኛን አገር ሰው ለብቻው የሚያጠቃ ነገር አለ፤ ሰዓት። ዶሜን የሚጠቀምበት የመታወቂያ አሠራር በላፕቶፑና በሰርቨሩ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካየ፣ እንደ ተለመደው አቀማመጡ፣ አላስገባም ይላል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ላፕቶፑ በሐበሻ ሰዓት እንዲያሳየው ብሎ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ያደርገዋል። ለሱ 2 ሰዓት ነው፣ ለሰርቨሩ ግን 8 ሰዓት ነው። 1398 የሚል ስህተት ካያችሁ ወይም ዶሜኑ ላይ በስሙ እምቢ ያለው በቁጥሩ ከከፈተ ሰዓቱን እዩት። የሞተ የማዘርቦርድ ባትሪም ያው ነው፣ መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩን ወደ ድሮ ይመልሰዋል።

የመጨረሻው ዓይነት ቅሬታ “ይከፍታል፣ ግን ይገላል” የሚለው ነው። እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ይደባለቃል።

አንደኛው፣ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ዝርዝሩ ይመጣል፣ ትንሽ ፋይል ይነበባል፣ ትልቅ ፋይል ሲሆን ግን ድርቅ ይላል። ይሄ የፓኬት፣ ማለትም ዳታ ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ፣ መጠን ችግር ሊሆን ይችላል። ተራ ኔትወርክ ላይ አንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይይዛል። ቪፒኤን እያንዳንዱን ፓኬት በራሱ መጠቅለያ ስለሚያለብሰው ለውስጡ የሚቀረው ያንሳል፤ ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን ለምሳሌ ብዙ ጊዜ 1420 ነው የሚጠቀመው። መሃል ላይ ያለው መስመር ከዚያም የጠበበ ከሆነ ትልልቆቹ ፓኬቶች ይወድቃሉ፣ ትንንሾቹ ያልፋሉ። ለአይቲው ሰው “ኤምቲዩውን (የፓኬቱን ትልቁን መጠን ማለት ነው) ወደ 1300 ዝቅ አድርገህ ሞክርልኝ” በሉት። በዚያ ከተፈታ ምክንያቱ ያ ነበር።

ሁለተኛው እውነተኛ ዝግመት ነው። እናንተ ከአዲስ አበባ የምታወርዱት ነገር ለአዲስ አበባው ቢሮ አፕሎድ ነው። የእናንተ መስመር ምንም ቢፈጥን የእነሱ አፕሎድ 2 ሜጋቢት ከሆነ 20 ሜጋባይት የሆነ ኤክሴል ከ80 ሰከንድ በታች አይደርሳችሁም። ሀዋሳ፣ አዳማና ድሬዳዋ ያሉ ቅርንጫፎች አንድ ላይ ከጎተቱ 4 ደቂቃ ነው። በዚህ ላይ ፋይል ሼሪንግ ወሬ ያበዛል፤ አንድ ፋይል ለመክፈት ስሙን፣ መጠኑን፣ ፈቃዱን እየጠየቀ ደጋግሞ ይመላለሳል። እያንዳንዱ ምልልስ በሞባይል ዳታ 80 ሚሊሰከንድ ቢፈጅና አሥር ጊዜ ቢመላለስ፣ ገና ምንም ሳይነበብ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ነው። አምስት መቶ ፋይል ያለበትን ፎልደር አስቡት። በዓመትና በወር ከፋፍሉት። ትልልቁን ፋይል መጀመሪያ ወደ ላፕቶፓችሁ ኮፒ አድርጉና እዚያ ሥሩ፣ ሲያልቅ መልሱት፤ ሌላ ሰው በዚያ ሰዓት እንዳይነካው ግን ንገሩት።

ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። የፒችትሪን ዳታ በቪፒኤን ፎልደር ላይ ከፍቶ ከሀዋሳ ጆርናል መመዝገብ የሚፈልግ አካውንታንት ሞልቷል፣ ሲከፈትለትም ይደሰታል። አትሞክሩት። ፕሮግራሙ የዳታ ፋይሎቹን ሳያቋርጥ ያነባል፣ ይጽፋል፣ እዚያው አጠገቡ ላለ ፈጣን ኔትወርክ ነው የታሰበው። መሃል ላይ መስመር ሲቆረጥ ግማሽ የተጻፈ ነገር ይቀራል፣ ያን ጊዜ የሚበላሸው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ አይደለም። ለዚህ የሚሆነው ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ፒችትሪው አዲስ አበባ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ በቪፒኤኑ የሚመጣው ስክሪኑ ብቻ ነው። መስመር ቢቆረጥ ስክሪኑ ይጠፋል እንጂ ፕሮግራሙ እዚያው እንደበራ ይጠብቃችኋል። እሱም በቪፒኤን ውስጥ ብቻ ይሁን፤ 3389 የሚባለውን ፖርቱን ለኢንተርኔት መክፈት 445ን ከመክፈት አይሻልም። የሚቀበለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት፣ ሆም የሚባለው አይቀበልም። ፕሮም ቢሆን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው የሚያሠራው፣ እናንተ ስትገቡ እዚያ የተቀመጠችው ልጅ ስክሪን ይቆለፋል። ሦስት አራት ሰው አንድ ላይ ይሥራበት ከተባለ ዊንዶውስ ሰርቨርና የተጠቃሚ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ከሥራ አስኪያጁ ጋር የሚነገር ነው።